ቤተ ክርስቲያን ስለ ደመወዝ ምን አገባት?

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ቅዳሴ፣ ጳጳሳትና ሮም ነው። ይህችው ቤተ ክርስቲያን ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበር፣ ስለ ንብረት፣ ስለ ስደተኛና ስለ አየር ንብረት ለውጥ የጻፈችው ሰነድ መደርደሪያ ይሞላል። የካቶሊክ ማኅበራዊ ትምህርት የሚባለው ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ብዙ ካቶሊኮችም ስሙን እንጂ ውስጡን አያውቁትም።

ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጥያቄው አጭር ነው፦ ምን አገባት? ደመወዝ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነገር ነው፣ ሕግ የፓርላማ ነው፣ እሷ ነፍስ ትጠብቅ። ለአማኙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጳጳሱ ስለ ገበያ ሲናገሩ መታዘዝ ግዴታ ነው ወይስ አንድ አስተያየት ሰምቶ ማለፍ ይቻላል?

ለሁለቱም መልስ ለማግኘት አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ትምህርቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ንግግር አለ። አንዱ መርህ ነው፦ ሰው ዕቃ አይደለም፤ የሠራ ሰው በሥራው መኖር አለበት፤ ደካማው መጠበቅ አለበት። ሌላው ውሳኔ ነው፦ ታዲያ ዛሬ፣ በዚህ አገር፣ በዚህ ገበያ ምን ይደረግ? መርሁን ቤተ ክርስቲያኗ ከእምነቷና ከኅሊና ታወጣዋለች። ውሳኔው ግን መረጃ ይጠይቃል። መረጃው ያለው ደግሞ ኢኮኖሚስቱ፣ ሶሺዮሎጂስቱና የሥነ ሕዝብ አጥኚው ዘንድ ነው። በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚነሣው ጭቅጭቅ ግማሹ የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እሺ ያለ ሰው ሁሉ ፈቅዷል?

መነሻው 1891 ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ "ሬሩም ኖቫሩም" የተባለውን ሐዋርያዊ መልእክት ያወጡት በዚያ ዓመት ነው። ጊዜው የፋብሪካ ዘመን ነው። የሥራው ሰዓት ረጅም፣ ክፍያው ትንሽ፣ አደጋው ብዙ። ሶሻሊስቶች የግል ንብረት ይቅር ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ገበያውን አትንኩት፣ ራሱ ይስተካከላል ይላሉ።

ሊዮ ከሁለቱም አልወገኑም። የግል ንብረት መብት ነው አሉ፤ በዚህ ሶሻሊስቶቹ ተቆጡ። ሠራተኛ መደራጀት መብቱ ነው፣ መንግሥትም ደካማውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት አሉ፤ በዚህ ደግሞ ባለፋብሪካዎቹ ተቆጡ። ሐሳቡ ድንገት ከሰማይ ዱብ ያለ አልነበረም። በጀርመን የማይንዝ ጳጳስ የነበሩት ኬተለር ስለ ሠራተኛው ጉዳይ ቀድመው ሲሰብኩና ሲጽፉ ኖረዋል። በ1889 የለንደን ወደብ ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜም መሐል ገብተው ካሸማገሉት አንዱ ካርዲናል ማኒንግ ናቸው።

የሊዮን ክርክር ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነውና። የዘመኑ አስተሳሰብ እንዲህ ነበር፦ አሠሪው ይህን ያህል እከፍላለሁ አለ፣ ሠራተኛው እሺ አለ፣ ውል ታሰረ፣ አለቀ። ሁለቱም በፈቃዳቸው ስለተስማሙ በደል የለም።

ሊዮ ጥያቄ ያነሣሉ። ሰውየው እሺ ያለው ለምንድን ነው? እምቢ ቢል ልጆቹ ጦማቸውን ሊያድሩ ነው። ሥራ ለእሱ የሕይወት ጉዳይ እንጂ እንደ ሸቀጥ ሲፈልግ የሚሸጠው፣ ሳይፈልግ የሚያስቀምጠው ነገር አይደለም። ስለዚህ ከውሉ የሚበልጥ ሌላ መለኪያ አለ፦ ደመወዙ ቁጥብና ጨዋ የሆነን ሠራተኛ ማኖር አለበት። ሠራተኛው የባሰ እንዳይመጣበት ፈርቶ ከዚያ በታች ቢቀበል፣ የተፈጸመበት ግፍ ነው። ፊርማው ግፉን ፍትሕ አያደርገውም።

እስከዚህ ድረስ መርህ ነው። ልብ በሉ፣ ሊዮ ቁጥር አልጠሩም።

600 ዶላር

ቁጥር ለመጥራት የደፈሩት ጆን ራያን የተባሉ አሜሪካዊ ካህን ናቸው። በ1906 ስለ ኑሮ የሚበቃ ደመወዝ መጽሐፍ አሳተሙ። መርሁን ከሊዮ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ግን ከስብከት የራቀ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሰበሰባቸውን የሠራተኛ ቤተሰቦች የወጪ መረጃዎች አገላበጡ። ለምግብ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለልብስ፣ ለማገዶ ስንት ይወጣል? ደምረው በዓመት 600 ዶላር ላይ ደረሱ። በየትኛውም የአሜሪካ ከተማ ለቤተሰብ አስተዳዳሪ ከዚህ በታች መክፈል በቂ ደመወዝ አይባልም አሉ። የመጽሐፉን መግቢያ የጻፉላቸው ሪቻርድ ኢሊ ናቸው፤ ስመ ጥር ኢኮኖሚስት፣ ካቶሊክ ግን ያልነበሩ።

ይህ ሥራ ጠቅላላው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል። "ሠራተኛው መኖር አለበት" የሚለውን ማንም የቁጥር ሠንጠረዥ አያስገኘውም። "መኖር 600 ዶላር ያስወጣል" የሚለውን ደግሞ ምንም ዓይነት ጸሎት አያስገኘውም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ፓርላማ ፊት የሚቀርብ ነገር የሚወጣው።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1923 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዋሽንግተን ለሴት ሠራተኞች የወጣውን የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሻረው። ምክንያቱ የውል ነፃነትን ይጥሳል የሚል ነበር፤ ሊዮ ከ32 ዓመት በፊት የተቃወሙት ያንኑ ሐሳብ። ፍርድ ቤቱ አቋሙን የቀየረው በ1937 ነው። በማግሥቱ ዓመት በአገር አቀፍ ሕግ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 25 ሳንቲም ሆነ። ራያን ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ።

ድክመቱንም እንናገር። ሊዮም ራያንም በአእምሯቸው የነበረው በዋናነት አባወራ ነው። እሱ ይሠራል፣ እሷ ቤት ትውላለች። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት ስንት ይከፈላት የሚለው ጥያቄ በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። መርህ ብቻ መስሎ የቀረበው ነገር የዘመኑን ልማድ ይዞ ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የሚያጋልጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሶሺዮሎጂ ነው።

ሌላም አለ። ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ ሲወሰን አሠሪው ሰው ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም? ኢኮኖሚስቶች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ መልሱም እንደ ገበያውና እንደ መጠኑ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ካቶሊክ መርሁን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ "ከዝቅተኛ ደመወዝ ይልቅ ለልጆች የሚከፈል ድጎማ ይሻላል" ቢል መናፍቅ አይባልም። "ደመወዝ ስንት ይሁን የሚለውን ገበያ ይወስነው፣ የሚራብ ይራብ" ካለ ግን ከመርሁ ወጥቷል።

ታች ያለው የሚችለውን

ከትምህርቱ መርሆች ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ብዙ የተጓዘው ሰብሲዲያሪቲ ይባላል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ግለሰብ፣ ቤተሰብ ወይም ማኅበር በራሱ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ከበላይ ያለው አካል አይንጠቀው። የበላዩ ሥራ ታች ያለው ሲያቅተው ማገዝ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዘው "መንግሥት ይውጣልን" የሚሉ አሉ። ሁለተኛውን ብቻ ይዘው "መንግሥት ሁሉን ይያዝ" የሚሉም አሉ። ሁለቱም ግማሹን እየሸሹ ነው።

መርሁ በግልጽ የተጻፈው በ1931፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ባወጡት "ኳድራጄሲሞ አኖ" በተባለው መልእክት ውስጥ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ኔል ብሮይኒንግ የተባሉ ጀርመናዊ ኢየሱሳዊ (የኢየሱስ ማኅበር አባል) ካህን ናቸው። ዓመቱን አስታውሱ። በኢጣሊያ ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ ነው፤ በዚያው ዓመት የካቶሊክ ወጣት ማኅበራትን ዘግቶ ከጳጳሱ ጋር ተፋጧል። ሁሉን ልያዝ የሚል መንግሥት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ "የታችኛውን አትንጠቅ" ብሎ መጻፍ የመማሪያ ክፍል ጉዳይ አልነበረም።

ታሪኩ ግን ንጹሕ አይደለም። ያው ሰነድ አሠሪና ሠራተኛ በየሙያቸው በአንድ ማኅበር ይደራጁ የሚል ሐሳብም ነበረው። በ1934 የኦስትሪያው መሪ ዶልፉስ ይህን ጠቅሶ አምባገነን ሕገ መንግሥት አቆመ። የፖርቱጋሉ ሳላዛርም ከዚያው ቀድቷል። መርሁ ከዝርዝር አሠራር ጋር ሲጣበቅ ምን እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐሳቡ ሌላ ቤት አገኘ። በ1992 የማስትሪክት ስምምነት ሰብሲዲያሪቲን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አደረገው። ዛሬ በሚሠራው ደንብ መሠረት የአውሮፓ ኮሚሽን የሕግ ረቂቅ ሲያወጣ የየአገሩ ፓርላማዎች 8 ሳምንት አላቸው። "ይህ በአገር ደረጃ የሚሠራ ነው፣ እናንተን አይመለከትም" የሚል ተቃውሞ ከጠቅላላው ድምፅ አንድ ሦስተኛ ከደረሰ ኮሚሽኑ ረቂቁን እንደገና ማየት አለበት። ቢጫ ካርድ ይሉታል። የመጀመሪያው የተመዘዘው በ2012 ነው፤ ረቂቁም የሥራ ማቆም መብትን የሚመለከት ነበር። 18 ድምፅ ይበቃ ነበር፣ 19 ተገኘ። ኮሚሽኑ "መርሁን አልጣስኩም" እያለ ረቂቁን ሳበው። እዚያ ድምፅ ከሰጡት እንደራሴዎች ስንቶቹ የፒዮስን ሰነድ እንዳነበቡ መገመት አያቅትም።

ሌሎቹን መርሆች ባጭሩ ልለፋቸው። ሰብዓዊ ክብር፦ ሰው ዋጋው ከምርቱ አይመነጭም። የጋራ ጥቅም፦ የአንድ ማኅበረሰብ ደኅንነት የአብላጫው ድምር ብቻ አይደለም፤ አንዱ ተረስቶ የጋራ አይባልም። አብሮነት፦ የሌላው መከራ ይመለከተኛል። የምድር በረከት ለሁሉ፦ ንብረት መብት ቢሆንም ዕዳ አለበት። ይህን የመጨረሻውን ጳውሎስ 6ኛ በ1967 ወደ አገሮች ግንኙነት ወስደውታል፤ ሀብታም አገር ከድሃ አገር ጋር ሲነግድ "ተስማምተናል" ማለቱ አይበቃም ሲሉ ያ የ1891ዱ ክርክር ተመልሶ መጣ።

ሊቃውንቱ ሲጠሩ

በ1965 የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ምድራዊ ነገሮች የራሳቸው ሕግና አሠራር እንዳላቸው፣ ሳይንስም በራሱ ዘዴ መመርመር እንዳለበት በግልጽ አስቀመጠ። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1991 ባወጡት መልእክት ቤተ ክርስቲያን የምታቀርበው የተዘጋጀ የኢኮኖሚ ሞዴል የላትም ብለዋል። አባባሉ ባዶ ትሕትና አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኅዳር 1990፣ ቫቲካን ኢኮኖሚስቶችን ጠርታ አወያይታ ነበር። ኬኔት አሮውና አማርትያ ሴን ከተጠሩት ይገኙበታል። በ1994 ደግሞ ጳጳሱ የማኅበራዊ ሳይንስ አካዳሚ አቋቋሙ። አባላቱ ከ20 እስከ 40 ናቸው፤ የሚመረጡት በሙያቸው ነው፤ አሮውም ገብተውበታል።

ከታችም የመጣ መንገድ አለ። ካርዴን የተባሉ ቤልጂጋዊ ካህን በ1925 የወጣት ሠራተኞች ንቅናቄ አቋቁመው ነበር። ዘዴያቸው ሦስት ቃል ነው፦ እይ፣ ፍረድ፣ አድርግ። "እይ" የምትለዋ ቀላል ትመስላለች። ወጣቱ መጀመሪያ ስለ ፋብሪካው ማወቅ አለበት፦ ስንት ሰዓት ይሠራል፣ ማን ይጎዳል፣ ለማን ስንት ይከፈላል። ወንጌሉ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ዮሐንስ 23ኛ በ1961 ይህን ዘዴ በስሙ ጠርተው አጸደቁት።

ግጭትም ነበር። በላቲን አሜሪካ እንደ ፔሩዊው ጉስታቮ ጉቴሬዝ ያሉ ካህናት ድህነትን ለመረዳት ከጊዜው ማኅበራዊ ሳይንስ ተበደሩ፤ ከተበደሩት ውስጥ የማርክስ ትንተና ነበረበት። በ1984 በካርዲናል ራትሲንገር የሚመራው የቫቲካን ጽሕፈት ቤት ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ የማርክስን መሣሪያ ይዤ ርዕዮተ ዓለሙን እተዋለሁ ማለት አይቻልም፣ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ሌላው ወገን "ታዲያ የሊበራል ኢኮኖሚክስስ የራሱ እምነት የለውም?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንኛውም ማኅበራዊ ሳይንስ ሰው ምን እንደሆነ አንድ ግምት ይዞ ነው የሚነሣው። ሰው ጥቅሙን ብቻ የሚያሰላ ነው ብሎ የሚጀምር ሞዴል ብዙ ነገር ይተነብያል፤ ግን ስለ ሰው የተነገረው ሁሉ ያ ነው ከተባለ ከሳይንስ ወደ እምነት ተሻግሯል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2013 የላይኛው ሲበለጽግ ለታችኛውም ይንጠባጠባል የሚለውን ሐሳብ ሲነቅፉ፣ በተጨባጭ ያልተረጋገጠ ነው አሉ። ብዙ ኢኮኖሚስቶች ተነሡባቸው። ድሃው ይጠብቅ የሚለውን አስተሳሰብ በሥነ ምግባር መንቀፍ የጳጳሱ ሥራ ነው። "በተጨባጭ አልተረጋገጠም" ግን የመረጃ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ሊሞገቱ ይችላሉ፣ ተሞገቱም።

ሊቃውንት ተጠርተው ያልተሰሙበትም ጊዜ አለ። ስለ ወሊድ ቁጥጥር የተቋቋመው ኮሚሽን ሐኪሞች፣ የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎችና ባለትዳሮች ነበሩበት። አብላጫው በ1966 ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያን የሚከለክለው ትምህርት ይሻሻል አለ። ጳውሎስ 6ኛ በ1968 አልተቀበሉትም። በእሳቸው እይታ ጉዳዩ የመርህ እንጂ የመረጃ አልነበረም። ድንበሩ የት ላይ ነው የሚለውን ራሱን ማን ይወስናል? ይህ በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ገና አላለቀም።

አሁን ተራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሆኗል። በግንቦት 2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛ ስሙን የያዙት በሊዮ 13ኛ ምክንያት እንደሆነ ለካርዲናሎቹ ሲናገሩ ይህን ቴክኖሎጂ ሌላ የኢንዱስትሪ አብዮት ብለውታል።

ማን ይናገር?

በአደባባይ ሕይወት የካቶሊክ ፓርቲ የሚባል ግዴታ የለም። በኢጣሊያ እንዲያውም ለአሥርተ ዓመታት ካቶሊኮች በአገር አቀፍ ምርጫ እንዳይሳተፉ ቫቲካን ትከለክል ነበር። ክልከላው በ1919 ሲነሣ ሉዊጂ ስቱርዞ የተባሉ ካህን ሕዝባዊ ፓርቲ አቋቋሙ። ከዚያ ፓርቲ የወጡት ዴ ጋስፔሪ፣ ከጀርመኑ አደናወርና ከፈረንሳዩ ሹማን ጋር የአውሮፓን አንድነት ጀመሩ።

ዛሬ ስቱርዞ ያደረጉትን አንድ ካህን ላድርግ ቢል በቀላሉ አይሆንለትም። የ1983 የቤተ ክርስቲያን ሕግ ካህናት የመንግሥት ሥልጣን እንዳይይዙ ይከለክላል። አሜሪካዊው ኢየሱሳዊ ሮበርት ድሪናን ከኮንግረስ የወጡት ከሮም በመጣ ትእዛዝ ነው። በኒካራጓ ሚኒስትር የነበሩት ገጣሚው ካህን ኤርኔስቶ ካርዴናል በ1984 ከክህነት አገልግሎት ታገዱ፤ እገዳው የተነሣላቸው በ2019፣ በ94 ዓመታቸው ነበር። የፖለቲካው ሜዳ የምእመናን ነው። ጳጳሳት መርሁን ይናገራሉ፣ ውሳኔው ላይ ምእመናን እርስ በርስ ቢለያዩ ያለ ነው።

በዚህ ምክንያት አንድ ካቶሊክ መርሆቹን ሁሉ ልያዝ ካለ የሚመቸው ፓርቲ አያገኝም። ፅንስ ማስወረድን ይቃወማል፤ ከ2018 ጀምሮ የሞት ቅጣትም በምንም ሁኔታ ተቀባይነት የለውም ተብሏል። ስደተኛ ይከበር ይላል፣ ቤተሰብ ይጠበቅ ይላል፣ ሠራተኛ ይደራጅ ይላል። አንዱ ፓርቲ ግማሹን ያነሣል፣ ሌላው የቀረውን።

የራሷ ቤትስ?

ጠንካራው ትችት ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ አሠሪ ናት፤ መምህራን፣ ነርሶች፣ ጥበቃዎች አሏት። በ1971 ሮም የተሰበሰቡት ጳጳሳት ስለ ፍትሕ የሚናገር መጀመሪያ ራሱ ፍትሐዊ ሆኖ መታየት አለበት ብለው ጻፉ፤ ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግሉ ሰዎች ደመወዝም እዚያው ውስጥ ተጠቅሷል።

ከ8 ዓመት በኋላ የቺካጎ ሀገረ ስብከት አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረበ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት መምህራን ማኅበር ሊያቋቁሙ ፈልገው የመንግሥቱ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ገብቶበት ነበር። የሀገረ ስብከቱ ክርክር መንግሥት በሃይማኖት ተቋም ውስጥ እጁን አያስገባ የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደለት፤ ቦርዱ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ላይ ሥልጣን የለውም ተባለ። በ1986 የአሜሪካ ጳጳሳት ስለ ኢኮኖሚ ፍትሕ ባወጡት ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያን ተቋማት በሙሉ ለሠራተኞቻቸው የመደራጀት መብት ዕውቅና መስጠት አለባቸው ብለው ጻፉ። የ1979ኙ ፍርድ ግን አልተሻረም። እነዚያ መምህራን ማኅበር ማቋቋም ቢፈልጉና ሀገረ ስብከቱ እምቢ ቢል፣ ያ ቦርድ ሊደርስላቸው አይችልም።